ፍርሃት የሚሰበስብ ሰው ምን ይበላል?

በየዓመቱ ለሆረር ደራስያን የሚሰጠው የብራም ስቶከር ሽልማት ዋንጫ አይደለም። ትንሽ ቤት ናት። ማታ ማታ ማንም ባጠገቧ ማለፍ የማይፈልጋት ዓይነት፣ ጎስቋላና ጠማማ ቤት። በሯ ይከፈታል። ከፈት ሲያደርጉት ውስጧ የነሐስ ሰሌዳ አለ። የአሸናፊው ስም የተጻፈው እዚያ ነው፤ ከበሩ ጀርባ።

ስለ አሜሪካዊው የሆረር ደራሲና አርታኢ ቻርልስ ግራንት ባሰብኩ ቁጥር ያቺ በር ትመጣብኛለች። ሰውየው ዕድሜውን ሙሉ ለሌላው በር ሲከፍት ኖሯል። የራሱ ስም ግን ብዙ ጊዜ ከበሩ ጀርባ ነበር።

"ሆረር" የሚለውን ቃል ልተርጉመው ብዬ ነበር። "አስፈሪ ልቦለድ" የሚሉ አሉ። ግን "አስፈሪ" የምንለው ለጎረቤት ውሻም ለኑሮ ውድነቱም ስለሆነ፣ ሆረር ብዬ ብቀጥል ይቀለኛል። ዓመቶቹም ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

በ2006 ስለሞተ ሰው አሁን ማውራት ለምን አስፈለገ? ሆረር ተመልሶ መጥቷል። መጀመሪያ ሲኒማው ነቃ፤ የመጻሕፍት መደርደሪያው ተከተለው። በዚያው ሰሞን ደግሞ አጫጭር ልቦለዶችን ከሰው የሚቀበሉ አርታኢዎች በማሽን በተጻፈ ድርሰት ተጥለቀለቁ። ሁለቱ ነገሮች የሚገናኙት አንድ ቦታ ነው፤ የአርታኢው ጠረጴዛ ላይ። ያንን ጠረጴዛ ደግሞ የግራንትን ያህል ከሁለቱም ወገን የተቀመጠበት ሰው ብዙ የለም።

ግራንት በ1942 ኒው ጀርሲ ውስጥ፣ ኒውዋርክ ተወለደ። የቄስ ልጅ ነው። ሃርትፎርድ፣ ኮነቲከት በሚገኘው ትሪኒቲ ኮሌጅ ተማረና በ1964 ተመረቀ። ከዚያ ወደ ኒው ጀርሲ ተመልሶ የሁለተኛ ደረጃ መምህር ሆነ። መሃል ላይ ቬትናም ተላከ። ከ1968 እስከ 1970 በወታደራዊ ፖሊስነት አገለገለ። የመጀመሪያ አጭር ልቦለዱ መጽሔት ላይ የወጣውም በዚያው በ1968 ነው። ሲመለስ እንደገና ጠመኔ ያዘ። በትርፍ ሰዓቱ እየጻፈ ጥቂት ዓመት ከቆየ በኋላ፣ በ1970ዎቹ አጋማሽ ማስተማሩን ተወና በብዕሩ ብቻ ለማደር ወሰነ። ደመወዝ ትቶ ብዕር! እናቱ ምን እንዳለችው ባውቅ ደስ ይለኝ ነበር።

መጀመሪያ የታወቀው በሆረር አልነበረም። ኔቡላ የሚባለውን የሳይንስ ልቦለድ ሽልማት ሁለት ጊዜ ወስዷል። የአሜሪካ የሳይንስ ልቦለድ ደራስያን ማኅበርንም ለዓመታት በጸሐፊነት አገልግሏል። ይሄኛው ሥራ ትንሽ ይመስላል፤ ለኔ ግን ብዙ ነገር ይገልጥልኛል። የደራስያን ማኅበር ጸሐፊ ማለት ክፍያው የዘገየበት፣ ውሉ የፈረሰበት፣ መጽሐፉ ሳይነገረው ከገበያ የወጣበት ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚደውልለት ሰው ነው። ግራንት ሌሎችን ለማሳተም ከመነሳቱ በፊት የደራሲን እሮሮ ጠግቦ ሰምቷል።

በ1977 ኦክስረን ስቴሽን የምትባል ከተማ ፈጠረ። ካርታ ላይ አትገኝም። ኮነቲከት ውስጥ እንዳለች አድርጎ ነው የጻፋት። ቤተ መጻሕፍት አላት፣ ባንክ አላት፣ መቃብር አላት። እየደጋገመ ተመለሰባት፤ በሷ ዙሪያ ወደ 12 መጻሕፍት ጽፏል። የሱን አጻጻፍ አንባቢዎቹ "ጸጥ ያለ ሆረር" ይሉታል። ምን ማለት እንደሆነ ከሱ ሳልዋስ በራሴ ምሳሌ ላሳያችሁ።

አንዲት ሴት ብቻዋን ትኖራለች። ከሥራ ስትመለስ ቤቷ ጨልሟል። በሩን ራሷ ነው የከፈተችው፤ ቁልፉ እንደተቆለፈ ነበር። ጫማዋን ታወልቃለች። መብራት ታበራለች። ወጥ ቤት ገብታ ጀበናውን ለማጠብ ስታነሳው ለብ ብሏል።

በቃ። ጮክ ያለው ሆረር ቢሆን ኖሮ ከመጋረጃው ጀርባ ቢላዋ የያዘ ሰው ይወጣ ነበር። ጸጥ ያለው ግን ጀበናውን ይዛ ቆማ ይተዋታል። አሁን ምን ታደርጋለች? ለማን ትደውላለች? ደውላስ ምን ትላለች፣ "ጀበናዬ ሞቋል"? የግራንት ገጸ ባሕርያት ብዙዎቹ እዚች ቦታ ላይ የቆሙ ናቸው። ፍርሃታቸውን ለሰው ቢናገሩት የሚያስቅ ነው፤ ዝም ካሉ ደግሞ ያፍናቸዋል።

ይህ አጻጻፍ በጊዜው ተቃዋሚ አላጣም። በ1980ዎቹ አጋማሽ ደምና ሥጋን ሳይሸፍኑ የሚጽፉ ወጣቶች ተነሱ። በ1986 ዴቪድ ሾው የተባለው ደራሲ ለዚህ ስልት "ስፕላተርፐንክ" የሚል ስም አወጣለት። ግራንት ሳያስበው የተቃራኒው ሰፈር ሽማግሌ ሆነ። እኔ እንኳን ደም ያለበትን ሁሉ የምንቅ አይደለሁም፤ በደም ተጀምሮ ሰው የሚያስለቅስ ሆረር አንብቤያለሁ። ግን ጸጥ ያለው ከባድ ነው። ደም ሲፈስ አንባቢው ባይወድም ይነቃል። ለብ ያለ ጀበና የሚሠራው ከሱ በፊት ያሉት አራት ዐረፍተ ነገሮች በትክክል ከተጻፉ ብቻ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ።

በ1978 ግራንት "ሻዶውስ" የተባለ የአጫጭር ልቦለዶች መድበል በደብልዴይ አሳታሚነት አወጣ። ጥላዎች እንደማለት ነው። ቀድሞ የታተመን ነገር ለቅሞ ማሳተም አልነበረም፤ አብዛኛው ለመድበሉ ብሎ የተጻፈ ነው። የመጀመሪያው ቅጽ ውስጥ ታዋቂው የሆረር ደራሲ ስቴፈን ኪንግ አለ። አቭራም ዴቪድሰንም አለ። በ1979 የዓለም ፋንታሲ ሽልማት ሲሰጥ መድበሉ ራሱ በዘርፉ አሸነፈ፤ የዴቪድሰን አጭር ልቦለድ ደግሞ በአጭር ልቦለድ ዘርፍ አሸነፈ። በሁለተኛው ቅጽ የወጣው የራምሴ ካምቤል ልቦለድ በተከታዩ ዓመት ያንኑ ሽልማት ተጋርቶ ወሰደ። በአምስተኛው ቅጽ የወጣው የታኒት ሊ ሥራም በ1983 እንዲሁ። እስከ 1987 አሥር ቅጽ ወጣ። በ1991 የመዝጊያው ቅጽ ታከለበት።

አንድ ሰው ሦስቴ ዕድለኛ ሊሆን ይችላል። ግን ሦስቱን ልቦለዶች ብታነቡ አንዱ ከሌላው ጋር አይመሳሰልም። ካምቤል የሊቨርፑል ሰው ነው፤ መናፈሻ ውስጥ ስለሞተ ሰካራም ይጽፋል። ሊ ሜዱሳን፣ ፊቷን ያየ ድንጋይ ይሆናል የሚባልላትን የአፈ ታሪክ ሴት፣ ወደ አንዲት የግሪክ ደሴት ታመጣታለች። ዴቪድሰን ከነዚህ ከሁለቱም አይደለም። አርታኢው የራሱን ግልባጭ እየፈለገ ቢሆን ኖሮ ከነዚህ ቢያንስ አንዱን ይጥለው ነበር።

መድበል ማረም ምን ዓይነት ሥራ እንደሆነ ከውጭ ለሚያይ ግልጽ አይደለም። ብዙ ሰው አርታኢ ሲባል ነጠላ ሰረዝ የሚያስተካክል ይመስለዋል። የመድበል አርታኢ መጀመሪያ ሐሳቡን ለአሳታሚ ይሸጣል። ቀብድ ይቀበላል። ከዚያች ቀብድ ላይ ለደራስያኑ በቃላት ብዛት ተሰልቶ ይከፍላል። የተረፈው የሱ ነው፤ ከተረፈ። ለሚያውቃቸው ይጽፋል፣ "አንድ ነገር ላክልኝ" ይላል። አንዳንዱ በሩን ለማያውቃቸውም ይከፍተዋል። ያኔ ክምሩ ይመጣል። ከክምሩ አብዛኛው የእምቢታ ደብዳቤ ይጻፍለታል። የሥራው ትልቁ ክፍል እምቢ ማለት ነው፤ ጥሩ አርታኢ እምቢታው ውስጥ አንድ ጠቃሚ ዐረፍተ ነገር ጣል ያደርጋል።

ከዚያ ቅደም ተከተሉ አለ። ይሄ ለኔ ድግስ ላይ ወጥ እንደማቅረብ ነው። ጠንካራው ልቦለድ መጀመሪያ ይቀመጣል፤ አንባቢ መጽሐፍ መሸጫ ቆሞ የሚገልጠው እሱን ነውና። ከሁሉ የሚበልጠው መጨረሻ ላይ ይሆናል። ሁለት የቫምፓየር (የደም መጣጭ) ታሪክ ጎን ለጎን አይቀመጥም። ከረጅምና ከከባድ ታሪክ ቀጥሎ አጭር፣ ምናልባትም ትንሽ የሚያስቅ ይገባል። አንባቢው ይህን ሁሉ አያየውም። ማየትም የለበትም።

እና ገንዘቡ? በዛሬ ሂሳብ እናስላው። ግራንት ጸሐፊው የነበረበት የሳይንስ ልቦለድ ደራስያን ማኅበር፣ ባለሙያ ደራሲ ለአንድ ቃል ቢያንስ 8 ሴንት ይከፈለው የሚለው ከ2019 ጀምሮ ነው። የ5,000 ቃል ልቦለድ 400 ዶላር ሆነ። መድበሉ 20 ልቦለድ ቢይዝ 8,000 ዶላር ወጣ። አሳታሚው 10,000 ዶላር ሰጠ እንበል፤ ትናንሾቹ አሳታሚዎች ብዙ ጊዜ ይህን አይሰጡም። ለአርታኢው 2,000 ዶላር ቀረው። በዚያ ላይ መቶዎች ልቦለዶች አንብቧል፣ ደብዳቤ ጽፏል፣ ከአሳታሚ ጋር ስለ ሽፋኑ ተጨቃጭቋል። በሰዓት አካፍዬ ላሳያችሁ አሰብኩና ተውኩት፤ ያሳፍራል።

ስለዚህ ግራንት ምን በላ? ስሙን ቀይሮ ጻፈ።

ፊሊሺያ አንድሩስ ሆኖ የታሪክ ዘመን የፍቅር ልቦለድ ጻፈ። ዲቦራ ሉዊስ ሆኖ ደግሞ የጎቲክ ፍቅር፤ ጨለማና ምስጢር ያለበት ዓይነት። ጄፍሪ ማርሽ ሲሆን ጀብዱ ነው። ላዮኔል ፌን ሲሆን ቀልድ፤ ያውም ነጭ ዳክዬ ፍለጋ የሚኬድበት ዓይነት ቀልድ። ለታዳጊዎች ሲጽፍ ስቲቨን ቻርልስና ሳይመን ሌክ የሚሉ ሌሎች ስሞች ነበሩት። አንድ ሰው ነው ይህ ሁሉ። ያ በሻዶውስ መግቢያ ላይ ስለ ጥላና ስለ ዝምታ የሚጽፈው የተከበረ አርታኢ፣ ቀጥሎ ያለውን ሳምንት ሴት ሆኖ ስለ ፍቅር እየጻፈ ሊያሳልፍ ይችል ነበር።

አንዳንድ ሰው ይህን እንደ ውርደት ያየዋል። እኔ አላይም። በብዕር ስም የተጻፈው የፍቅር ልቦለድ ለመድበሉ ድጎማ ነበር ብል ማጋነን አይመስለኝም። አሳታሚ ያልሸፈነውን የንባብ ሰዓት ፊሊሺያ አንድሩስ ሸፈነችው። ዛሬም መድበል የሚያርሙ ብዙዎች ሌላ ሥራ አላቸው፤ አንዱ ያስተምራል፣ አንዱ ቢሮ ይውላል።

ቤቱም የዚሁ ሙያ ቤት ነበር። ባለቤቱ ካትሪን ፕታሴክ ራሷ ደራሲና አርታኢ ናት። በ1988 ሴቶች የጻፉትን ሆረር ብቻ የያዘ መድበል አሳትማለች። የትኛው መጽሔትና አሳታሚ ምን እንደሚፈልግና ስንት እንደሚከፍል እያጠናቀረች የምታወጣው የገበያ መረጃ ጋዜጣም ነበራት። በጀማሪ ደራሲ ቋንቋ ይህ ማለት ማን በር ከፍቷል፣ ማን ዘግቷል የሚለው ዜና ማለት ነው።

የ1980ዎቹ የሆረር ገበያ ግን ሞቅታ ነበር። ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ጥቂት ሆረር ልቦለዶች በብዛት ተሸጡ፣ ፊልም ሆኑ። አሳታሚዎች ተሯሯጡ። ሽፋኑ ላይ አፅም ያለበት፣ ፊደሉ የሚያብለጨልጭ ርካሽ መጽሐፍ መድኃኒት ቤትና ሱፐርማርኬት ሳይቀር ተደረደረ። ያልተሸጠው ምን እንደሚሆን ታውቃላችሁ? ሽፋኑ ተገንጥሎ ለአሳታሚው ይላካል፤ ሽፋኑ ብቻ። የመጽሐፉ ገላ ይጣላል። ቸርቻሪው በላከው ሽፋን ልክ ሂሳቡ ይቀነስለታል። ገበያው ሲሞቅ ይህ አሠራር ለሁሉም ጥሩ ነው። ሲቀዘቅዝ የተገነጠለ ሽፋን ብቻ ይጎርፋል። በ1990ዎቹ መጀመሪያ የሆነው ይሄ ነው። መጥፎው ሆረር ጥሩውን ይዞት ወደቀ። አሳታሚዎች የሆረር ክፍላቸውን አጠፉ፤ "ሆረር" የሚለውን ቃል ከመጽሐፍ ጀርባ ላይ አንስተው "ትሪለር" (ልብ ሰቃይ) ብለው የተኩም ነበሩ።

ሻዶውስ የተዘጋው በዚህ ወቅት ነው። በ1994 እና በ1995 ግራንት "ኤክስ ፋይልስ" በተባለው የቴሌቪዥን ድራማ ላይ የተመሠረቱ ሁለት ልቦለዶችን ጻፈ፤ የተከታታዩ የመጀመሪያዎቹ ናቸው። በዚህ ጊዜ ስሙ የራሱ ነበር፤ ገጸ ባሕርያቱ ግን የሌላ ሰው።

ወደ ዛሬ እንምጣ። የአሜሪካዊው ዳይሬክተር የጆርዳን ፒል "ጌት አውት" የተባለ ፊልም በ2017 ከወጣ ወዲህ ሆረር እንደገና የሚከበር ነገር ሆኗል። ፒል ራሱ በ2023 ከጆን ጆሴፍ አዳምስ ጋር የጥቁር ደራስያንን 19 አዳዲስ የሆረር ልቦለዶች በአንድ መድበል አሳተመ። ትልቅ ስም ሽፋኑ ላይ ስላለ መጽሐፉ ሩቅ ተጓዘ። ይህ የግራንትን ሂሳብ የሚገለብጥ ነው። ድሮ አርታኢው ኪንግን ጋብዞ በኪንግ ስም ያልታወቁትን ይሸጥ ነበር። አሁን ታዋቂው ራሱ አርታኢው ሆነ። ክፉ አይደለም፤ ውጤቱም ጥሩ ነው። ግን ስንት ጆርዳን ፒል አለ? በሌላ በኩል አርታኢዋ ኤለን ዳትሎው አለች፤ የዓመቱን ምርጥ ሆረር ከ2009 ጀምሮ በየዓመቱ እየመረጠች ታወጣለች። ከመንገድ ላይ ብታገኟት ላታውቋት ትችላላችሁ። የዘርፉ ደራሲ ሁሉ ግን ያውቃታል።

አሁን ደግሞ ማሽኑ መጣ። በየካቲት 2023 ክላርክስወርልድ የተባለው የሳይንስ ልቦለድና የፋንታሲ መጽሔት ጽሑፍ መቀበል አቆመ። አርታኢው ኒል ክላርክ መድበልም ያርማል። ምክንያቱ በማሽን የተጻፉ ልቦለዶች ጎርፍ ነበር። ላኪዎቹ አብዛኞቹ ደራሲ መሆን የሚፈልጉ እንኳን አልነበሩም። "በኢንተርኔት በቀላሉ ገንዘብ ሥሩ" የሚል ምክር ሰምተው የመጡ ናቸው። መጽሔቱ ለአንድ ቃል ከ10 ሴንት በላይ ስለሚከፍል እንዲህ ያለ ምክር በሚሰጡ ሰዎች ዝርዝር ውስጥ ገባ። ከሳምንታት በኋላ በሩን መልሶ ከፈተ፤ ማጣሪያ አበጅቶ።

ሰዎች ስለዚህ ሲያወሩ ጥያቄው ሁሌ "ማሽን ከሰው የተሻለ ያስፈራል ወይ?" ነው። የተሳሳተ ጥያቄ ይመስለኛል። የተላኩት ልቦለዶች ደካሞች እንደነበሩ ክላርክ ራሱ ተናግሯል። ችግሩ ደካማም ቢሆን መነበቡ ላይ ነው። ደካማ መሆኑን ለማወቅ ሁለት ገጽ ማንበብ አለባችሁ። ሁለት ገጽ በአምስት መቶ ሲባዛ ሺህ ገጽ ነው። ያ ሰዓት የተሰረቀው ከሌላ ሰው ነው፤ ከታች ከተቀመጠው፣ ስሙን ማንም ከማያውቀው፣ ጀበናው ለብ ካለበት ታሪክ።

አርታኢ ሲሰለች የሚያደርገው ነገር ቀላል ነው። በሩን ይዘጋና የሚያውቃቸውን ብቻ ይጋብዛል። ሰው አይፈርድበትም። መድበሉም ላይጎዳ ይችላል፤ የሚያውቃቸው ጎበዞች ናቸው። የሚጎዳው ከአሥር ዓመት በኋላ የሚወጣው መድበል ነው፤ ያኔ የሚጋበዙት እነማን ይሆናሉ? ግራንት ከታዋቂዎቹ ጎን ገና ስም ያላወጡትን ያስቀምጥ ነበር። ያ ቦታ በውል ላይ አይጻፍም። ለማንም የሚከፈልበት አይደለም። አርታኢው ሌሊት ከሚያነበው፣ ፊሊሺያ አንድሩስ ከምትደጉመው ሰዓት ውስጥ የሚወጣ ነው።

ግራንት በመጨረሻዎቹ ዓመታት ታመመ። ሳንባው ታምሞ ነበር። መጻፍም ማረምም ከበደው። በ2004 ኬላን ፓትሪክ በርክ የተባለው ደራሲ ለሱ ክብር አንድ መድበል አዘጋጀ፤ ደራስያን ልቦለድና ትዝታ ላኩ። ርዕሱ "ኳየትሊ ናው" ነው፤ "በቀስታ እንግዲህ" እንደማለት። ሽፋኑ ላይ የተጻፈው የግራንት የራሱ ስም ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ መስከረም 15 ቀን 2006፣ 64ኛ ልደቱን ባከበረ በሦስተኛው ቀን ኒውተን፣ ኒው ጀርሲ በሚገኘው ቤቱ አረፈ።